የፖሊዮ ጠብታ ወይስ የፖሊዮ መርፌ?

"ክትባት ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?" ለሚለው ክርክር ፖሊዮ ጥሩ ማሳያ ነው።

ጠብታው ሁለት ጠብ ነው። ሕፃኑ ፊቱን ያጨማድዳል፣ በዘመቻ ከሆነ ጣቱን ቀለም ይቀቡታል፣ አለቀ። ርካሽ ነው፣ ቤት ለቤት ይሰጣል፣ አንጀት ውስጥም ስለሚከላከል ስርጭትን ይገታል። ግን የያዘው ሕያው፣ የተዳከመ ቫይረስ ነው። እጅግ አልፎ አልፎ፣ ከሚሊዮኖች በአንዱ፣ ሽባነት ያመጣል። ብዙ ልጅ ባልተከተበበት አካባቢ ደግሞ ሲዘዋወር ተለውጦ ወረርሽኝ ይሆናል። በ2019 እ.ኤ.አ. እኛም አገር ታይቷል።

መርፌው የሞተ ቫይረስ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም። ግን ይወደዳል፣ ባለሙያም ይፈልጋል፤ የአንጀት መከላከያው ደካማ ነው። አሜሪካ ከ2000 ጀምሮ መርፌውን ብቻ ትሰጣለች፤ ያዋጣታል። እዚህ ግን፣ በእኔ እይታ፣ አንዱን መምረጥ ቅንጦት ነው። ሁለቱንም አስከትቡ።