የቡና ማስቀመጫ፦ ባለፓምፑ ጣሳ ወይስ የጠርሙስ ዕቃ?

ሰሞኑን ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ያ አየር የሚመጠው የቡና ጣሳ ያዋጣል?» መልሴ አጭር ነው። አያዋጣም። ክዳኑ ጎማ ያለውና በሽቦ የሚቆለፍ የጠርሙስ ዕቃ ግዙ። በተረፈው ብር ቡና ግዙበት።

ከዋጋው ልጀምር። የወንድሜ ሚስት ባለፓምፑን በ2,800 ብር ገዛች። እኔ 1 ሊትር የሚይዝ የጠርሙስ ዕቃ መርካቶ በ450 ብር አመጣሁ፤ ሻጩ የጀመረው ከ600 ነበር። በእሷ አንድ ጣሳ ዋጋ ስድስት ጠርሙስ ይገዛል፣ 100 ብርም ይተርፋል።

ጣሳው ደግሞ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ካርቶኑን ብታዩት ምንም አይወጣለትም። ክዳኑን ስትገለብጡት ግን ጎማው ስስ ነው፣ በጥፍር ሲነኩት ከቦታው ይወጣል። ፓምፑን ስትጫኑት ክዳኑ ላይ ያለችው ምልክት ዝቅ ትላለች። ሲነጋ ተመልሳ ብቅ ብላለች፤ አየር ገብቷል ማለት ነው። ሌላ ጎማ ፍለጋ ብንዞር በልኩ የሚሆን ጠፋ። አንድ ጠጋኝ በሲሊኮን ለጠፈውና ቡናው ሲሊኮን ሲሸት ሰነበተ። የሸጠላት ሱቅም «ከተከፈተ አይመለስም» ብሎ ሸኛት። 2,800 ብር!

ኦሪጅናሉስ? ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። ግን ቤት ቆልተን ለምንጠጣ ለኛ ብዙም አይጠቅምም። ገና የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አየሩን በፓምፕ ብትመጡትም ቡናው የራሱን ጋዝ ለቆ ቦታውን መልሶ ይሞላዋል። ጠዋትና ማታ በከፈታችሁት ቁጥር ደግሞ አዲስ አየር ይገባል።

ጠርሙስም ጉድለት አለው። ይሰበራል፣ ብርሃንም ያስገባል። ስለዚህ ቦታው ቁም ሳጥን ውስጥ እንጂ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ አይደለም። ሽታ ግን አይዝም። ፕላስቲክ አንዴ በርበሬ ወይም ኮረሪማ ከገባበት በምን ብታጥቡት አይለቅም፤ ቡና ደግሞ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል።

ስትገዙ ጎማውን ጎተት አድርጋችሁ እዩት። ቤት ስትደርሱ ባዶውን ቆልፋችሁ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ድፈቁት። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ያስተነፍሳል፣ በዚያው ቀን ይዛችሁት ተመለሱ። ትልቁን አትግዙ፤ ቡናው እየጎደለ ሲሄድ የጎደለውን የሚሞላው አየር ነው። 1 ሊትር የሚይዘው ወደ 350 ግራም የተቆላ ቡና ስለሆነ ለአንድ ቤት ይበቃል። አጥብቃችሁ የምትቆልፉትም ቡናው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ፍሪጁን እርሱት። ከቅቤና ከወጥ ጋር ያደረ ቡና ምን እንደሚሸት ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ያልበዋል፣ እርጥበት ደግሞ ጠላቱ ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ ከአገር ቤት የተላከላችሁን የተቆላ ቡና ማቆየት ከፈለጋችሁ ፍሪዘሩ ይሻላል። በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት። ስታወጡትም ቅዝቃዜው ሳይለቀው አትክፈቱት።

ለመሆኑ ይሄን ሁሉ የተቆላ ቡና ምን ሊያደርግላችሁ ታከማቻላችሁ? የተፈጨ በቀናት ውስጥ መዓዛው ይሄዳል። የተቆላ ቢበዛ እስከ አንድ ወር ነው። ጥሬው ግን በደንብ ከተያዘ ለወራት ይቆያል። ሒሳቡንም እዩት። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ጥሬው ኪሎው 1,000 ብር ቢሆን ቆልታችሁ የምታገኙት 800 ወይም 850 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ የተቆላ ቤታችሁ 1,200 ብር አካባቢ ይመጣል። ሱቅ ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁን የከሰልና የድካም ብላችሁ ቁጠሩት። እኔ ድካሙን እመርጣለሁ።

ለጥሬው ጣሳም ጠርሙስም አያስፈልግም። ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ይበቃል። ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አታስቀምጡት፤ በተለይ ክረምት ላይ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። ከረጢቱን ከወለል ከፍ አድርጉት፣ ከሳሙናና ከላምባም አርቁት።