ያስነቃብኝ ስታምፕ ፓድ

ይህችን ስታምፕ ፓድ ከገዛኋት ስምንት ወር ሆናት። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ ቀለሟ ሐምራዊ ነው። ጥፋቷን አስቀድሜ ልናገር፦ ቶሎ አትደርቅም። እፍ እፍ ብዬ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ በቃ ደርቋል ብዬ ደብተሬን ስከድነው ማዶው ገጽ ላይ ትታተማለች። አውራ ጣቴማ ከዚያን ቀን ወዲህ ንጹህ ሆኖ አያውቅም። ግን በሌላ አልቀይራትም።

ለማያውቀው ሰው፣ ሌተርቦክሲንግ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ውሃ የማያስገባ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማህተምና ደብተር ከትቶ በእግር መንገድ ዳር ይደብቃል። ማህተሙን ብዙ ጊዜ ከላጲስ ላይ በእጁ ይቀርጸዋል። ከዚያ ፍንጭ ይጽፋል፦ «ከተሰነጠቀው ድንጋይ ወደ ምሥራቅ 40 እርምጃ፣ ከግንዱ ሥር» ዓይነት ነገር። ያገኘው ሰው የሳጥኑን ማህተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን ማህተም ደግሞ በሳጥኑ ደብተር ላይ ያትምና ሁሉንም እንደነበረ መልሶ ይሸሽገዋል። መነሻው እንግሊዝ አገር፣ ዳርትሙር የሚባለው ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የሚባል መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል በተባለ ራቅ ያለ ቦታ ጠርሙስ አስቀመጠ። እዚያ ድረስ የደከመ ሁሉ ስሙ ያለበትን ካርድ ይተውበት ጀመር።

ጣጣው፣ ሳጥኑ ሲወጣ ያየ መንገደኛ በኋላ ተመልሶ ሊያነሳው መቻሉ ነው። ስለዚህ ሁላችንም እናስመስላለን። ሰው ሲመጣ የጫማ ክር እናስራለን። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? አንድ ሳጥን የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ጫማ አስረው፣ ተሰናብተው ይሄዳሉ።

እኔ ግን ሰው መለየት ሱስ ሆኖብኛል። ተራ ተጓዥ ሩቁን ያያል፣ የእኛ ሰው የዛፍ ሥር ሥሩን። መንገዱ ፍንትው ብሎ እየታየ ኮምፓስ ያወጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየጸለየ አይደለም፣ እርምጃ እየቆጠረ ነው። ሰላም ብላችሁ ቁጥሩን ካጠፋችሁበት ፊቱን ሲያጠቁር ታዩታላችሁ። እሱ ራሱ ምልክት ነው።

ተሳስቼም አውቃለሁ። አንድ ሰውዬ ጉቶ ይዞራል፣ ይጎነበሳል፣ ድንጋይ ይገለብጣል። ፈገግ ብዬ ጠጋ አልኩና «ወደ ምሥራቅ ነው አይደል?» አልኩት። የመኪና ቁልፍ ጠፍቶበት ኖሯል። ግማሽ ሰዓት አብሬው ፈለግኩ። ቁልፉን አገኘነው። ሳጥኑን ግን ያን ቀን አላገኘሁትም።

ፓዷ ውለታ የዋለችልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አረፍ ብለዋል። አልፌያቸው ልሄድ ስል እጄን አዩና «ልጄ፣ ምርጫ ዛሬ ነበር እንዴ?» አሉኝ። አውራ ጣቴን ወደ ኪሴ ልሸጉጥ ስል የራሳቸውን ጣት ቀሰሩ። ጫፉ አረንጓዴ!

«ማህተምህን አምጣ እስቲ» አሉ።

እንዲህ ተገናኝቶ የግል ማህተም መለዋወጥ እንደ ሳጥን ይቆጠራል፣ ለኔ እንደውም ይበልጣል። የሳቸው ቀንድ አውጣ ነው። የቅርፊቱ ጥምዝምዝ መስመር ፀጉር ያክላል፣ አንድ ቦታ እንኳ አልተቆረጠም። እንዴት እንደቀረጹት ስጠይቃቸው፣ ምላጩን ቀጥ አድርጎ ከመትከል ዘንበል ማድረግ እንደሚሻል አሳዩኝ። ያኔ መስመሩ ከሥሩ ሰፋ ስለሚል አይሰበርም። የኔ ኤሊ አንድ እግሩን በቅርጽ ጊዜ ስቼ ቆርጬበታለሁ። «ሦስት እግር ስላለው አልረሳውም» አሉኝ። ስማቸውን አልጠየቅኩም። ደብተሬ ላይ ቀንድ አውጣ ናቸው።

ወደ ፓዷ እንመለስ። የስታምፕ ቀለም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወረቀት ውስጥ ይሰርጋል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃ ሲነካው ግን ይፈሳል። ሁለተኛው ፒግመንት የሚባለው ነው። ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ለመድረቅ ይንቀራፈፋል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ንቅንቅ የለም። የኔዋ ከሁለተኛው ናት። ባለፈው ዝናብ ቦርሳዬ ድረስ ገባና ደብተሬ ራሰ። በአሮጌው ፓድ ያተምኳቸው ሁሉ የውሃ እድፍ ሆነው ቀሩ። ሐምራዊዎቹ፣ ቀንድ አውጣዋ ጭምር፣ ምንም አልሆኑም።

የሚያናድደኝ ክዳኗ ነው። ሲበዛ ልል ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ራሱን ይከፍታል። ሁለት ካልሲና አንድ ካርታ በልቶብኛል። አሁን በላስቲክ አስሬ፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ነው የምይዛት። ስታስቀምጧት ገልብጧት፣ ቀለሙ ወደ ላይኛው ገጽ ይመጣል። ካተማችሁ በኋላ በገጾቹ መሃል ስስ ወረቀት ጣል አድርጉ።

ከአምስት ኮከብ አራት። አንዱን የነሳኋት ለክዳኑ ነው፣ ለጣቴ አይደለም። እርጥብ ጨርቅ ሁልጊዜ እይዛለሁ፣ የሰው ማህተም ሳልጠርግ አልመልስም። ጣቴን ግን መንገዱን ጨርሼ ቤት እስክገባ አልነካውም።