ዩቨርዥን የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያ፦ ጸጋን ለተቀበለ አንባቢ ምን ያህል ይጠቅማል?

የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያን በፍጥነቱና በገጹ ውበት ብቻ መመዘን አይበቃም። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የእግዚአብሔርን ጸጋ በከንቱ እንዳይቀበሉ ይለምናቸዋልና፣ በስልካችን የጫንነው መሣሪያ ለተቀበልነው ጸጋ በሕይወታችን ምላሽ እንድንሰጥ ያግዘን ወይስ አያግዘን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ዩቨርዥንን የመዘንሁት በዚሁ ሚዛን ነው።

መተግበሪያውን በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት የሚገኘው ላይፍ ቸርች የተባለው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ አገልግሎቱ እስከ ዛሬ ያለ ክፍያ የሚሰጠው በለጋሾች ድጋፍ ነው። ለአማርኛ አንባቢ የ1954 ዓ.ም. ትርጉምና አዲሱ መደበኛ ትርጉም ቀርበውለታል፤ ጥቅስ ማቅለምም ሆነ ማስታወሻ መጻፍ ቀላል ነው። የንባብ ዕቅዶቹ ግን በእንግሊዝኛ የተትረፈረፉትን ያህል በአማርኛ አይገኙም፤ ይህም እንግሊዝኛ የማያነብበውን ምእመን ከመተግበሪያው ጥሩ ክፍል ያርቀዋል።

በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው የተከታታይ ቀናት ቆጠራው ነው። መተግበሪያው በየዕለቱ የሚከፍተውን ሰው ቀናት ይደምርለታል፤ አንድ ቀን ከዘለለ ግን ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ልማድ ለማስያዝ እንደሚረዳ አልክድም፤ ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታላቁ ልጅ ያገለገለበትን ዘመን ቆጥሮ በአባቱ ፊት እንዳቀረበ ሁሉ፣ አንባቢም ቁጥሩን እንደ ውለታ መያዝ ሊጀምር ይችላል። ቁጥሩ ሲያድግ መኩራት፣ ሲቋረጥም እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረ መስሎ መሸማቀቅ፣ ሁለቱም ከአንድ ስሕተት ይመነጫሉ፤ ድነት በጸጋ በእምነት እንጂ በሥራ አይደለም የሚለውን የኤፌሶን ምዕራፍ 2 ቃል እያነበቡ በተግባር መዘንጋት ነውና።

በአንጻሩ የንባብ ዕቅዶቹ አሠራር ለዚህ ትምህርት ይበልጥ ይቀርባል። በዕቅዱ ወደ ኋላ የቀረ አንባቢ ያመለጡትን ቀናት ወደ ፊት አሸጋሽጎ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። (ሠሪዎቹ ይህንን ያደረጉት ሥነ መለኮትን አስበው ይሁን ለተጠቃሚ ምቾት ብለው፣ ውጤቱ ያው ነው።) እንዲህ ያለው ምሕረት ስንፍናን ያበረታታል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሆኖም ጳውሎስ ከሁሉ ይልቅ እንደ ደከመ ሲናገር፣ የደከመው እርሱ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ መሆኑን በዚያው ቃል ይመሰክራል። ወደ ቲቶ በላከው መልእክትም ጸጋ ዓለማዊ ምኞትን ክደን በጽድቅ እንድንኖር የሚያስተምር ሆኖ ቀርቧል፤ ይቅር ባይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ስለዚህ ምላሹ ትጋትን ይጠይቃል፣ ትጋቱ ግን ዋጋ መክፈያ አይደለም።

መተግበሪያውን በተለይ ለአዲስ አማኞች እመክራለሁ፣ ከማስጠንቀቂያ ጋር፦ የቀናቱን ቁጥር የመንፈሳዊነት መለኪያ አያድርጉት። በሦስት አጫጭር ምዕራፎች የሚያልቀውን የቲቶን መልእክት መርጠው በቀስታ ያንብቡ፤ በማስታወሻውም ላይ ጥቅሱን መልሶ ከመገልበጥ ይልቅ በዚያ ሳምንት የሚታረቁትን ሰው ወይም የሚመልሱትን ዕዳ ይጻፉበት።