ለ«ጋሽ ውል» ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ሰላም ጅማዎች። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አለፉ። ሥራው ፋታ አልሰጥ ብሎኝ ነው። ዛሬ መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡም የሚያቆም አይመስልም፣ ስልኬ ላይ ያለችው ቻርጅ ሳታልቅ ልሞክር።

ነርስ ነኝ። 11 ዓመት ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሁሌ ሆዴን የሚበላኝ አንድ ነገር ነበር። ስትሮክ የመታቸው አባት ከሆስፒታል ሲወጡ ልጆቻቸው በሩ ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። ካቴተሩን፣ የሽንት ቱቦውን ማለቴ ነው፣ ማን ይቀይራል? ማን ያገላብጣቸዋል? ቁስሉንስ? በሦስተኛው ቀን ሰውየውን በባጃጅ አጣጥፈው ለድሬሲንግ፣ ቁስሉ ታጥቦ እንዲታሸግ፣ ይመልሷቸዋል። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ የመጣው ደግሞ ጭራሽ አይመለስም።

የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ለመክፈት የተነሳሁት ከዚያ ነው። ዛሬ ፈቃድ አለን፣ ሠራተኛ አለን፣ ሰውም ያምነናል። ለዚህ ያበቁኝ አንድ ጠበቃ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ልጆቹ ባወጡላቸው ስም ልጥራቸው፦ ጋሽ ውል። ምክንያቱን አንብባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

በፊት ሁሉም ነገር በአፍ ነበር። የሚያውቀኝ ሰው ይጠራኛል፣ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ፣ ድሬሲንግ ሠርቼ እመለሳለሁ። አንድ ቤት ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። እኔ አንድ ቀን እየዘለልኩ እንደምመጣ ነው የተስማማሁት። እነሱ በየቀኑ ብለሻል አሉ። የሁለት ወር ገንዘቤ ቀረ። ገንዘቡስ ይሁን፣ «በሽተኛ ጥላ ጠፋች» ተብሎ ሰፈር ውስጥ የተወራው ነው ያቃጠለኝ። እህቴ ናት እጄን ይዛ ጋሽ ውል ቢሮ ያስገባችኝ።

ታሪኬን አምስት ደቂቃ ያህል አወራሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ውል አለሽ?» አሉ። የለኝም። «እንግዲያውስ ያለፈውን ተይው ልጄ፣ ስለሚመጣው እናውራ» ብለው ወረቀት ሳቡ።

መጀመሪያ የያዝኩት የፈቃድ ማመልከቻ ላይ «ሙሉ የቤት ውስጥ ሕክምና» ብዬ ጽፌ ነበር። በጣም የሚያምር መስሎኝ። ይህን ይዤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ መስኮት ላይ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሄድኩ ቁጥር የማልሠራውን ሥራ ዕቃ ይጠይቁኛል። ጋሽ ውል አነበቡትና «ቀዶ ጥገናም ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ወረቀቱን ቁልቁል በእስክሪብቶ ለሁለት ከፈሉት።

በግራ በኩል «አስታማሚነት» ብለው ጻፉ። ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ ደግፎ ማራመድ፣ የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ። በቀኝ «ሙያ» ብለው ድሬሲንግ፣ ካቴተር፣ መርፌ፣ በአፍንጫ ቱቦ መመገብን አስገቡ። የቀኙን ሥራ የሙያ ፈቃዷ ያልተቃጠለ ነርስ ብቻ ትሠራዋለች፣ የሐኪም ትእዛዝም በፋይል ይቀመጣል። «መድኃኒት ማስታወስና መድኃኒት መስጠት አንድ አይደለም» አሉኝ። እኔ ነርሷ ይህን ከጠበቃ መስማቴ ትንሽ ከንክኖኛል። ግን እውነታቸውን ነው። በሰው ቤት ውስጥ ሁለቱ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚቀላቀሉት። ያቺ ወረቀት ዛሬም ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አለች። ማመልከቻውም፣ የዋጋ ዝርዝሩም፣ የሠራተኞቹ የሥራ መዘርዝርም የተቀዳው ከእሷ ነው። የብቃት ማረጋገጫው በጤናው በኩል፣ ንግድ ፈቃዱ በንግዱ በኩል ተራ በተራ አለቀ።

አንዴ ሰልችቶኝ «ጋሼ፣ እዚያ ቢሮ ሰው የለዎትም?» ብያቸው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እኔ ሰው የለኝም። ወረቀት ነው ያለኝ።» ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

ስለ ድርጅቱ ዓይነትም ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው እንደኔ ሳይሳሳት አይቀርም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ዕዳው ከድርጅቱ አልፎ ወደ ባለቤቱ ንብረት የማይሄድ ድርጅት፣ ለማቋቋም ሁለት ሰው ግድ ይመስለኝ ስለነበር የእናቴን ስም ላስገባ ተዘጋጅቼ ነበር። ድሮ እንደዚያ ነበር፣ በ1952ቱ የንግድ ሕግ። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ይፈቅዳል። እናቴን ማንም ሳይነካት ቡናዋን እየጠጣች ቀረች። በስሜ ብቻ ንግድ ፈቃድ ባወጣስ? ብዬ ጠየቅኩ። «ሠራተኛሽ ሥራ ላይ ሆና ጥፋት ብታጠፋ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ወደ አንቺም ይመጣል። የድርጅቱ ዕዳ ሲመጣ ቤትሽን ይዞት እንዲሄድ ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። በቃኝ።

ቋንቋውስ? የእኔ አፋን ኦሮሞ ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል። ለመመሥረቻ ጽሑፍ ግን አይደርስም። እሳቸው በሁለቱም ይጽፋሉ። ከቤተሰብ ጋር የምንፈራረመውን ውል እንኳ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተውልናል። ፈራሚው በሚያነበው ቋንቋ ካልፈረመ ነገ «አልገባኝም ነበር» ይላል፣ መብቱም ነው ይላሉ።

አሁን ወደተጣላንበት ነገር ልምጣ።

ሰው አስታማሚ ሲቀጥር የሚፈልገው እዚያው የምታድር ልጅ ነው። ከሰኞ እስከ ሰኞ። እኔም ዋጋ የተመንኩት በዚያ ሒሳብ ነበር። ጋሽ ውል አይሆንም አሉ። ግለሰብ ለቤቱ የሚቀጥራት የቤት ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ 1156/2011፣ አያያትም። የእኔ ሠራተኛ ግን ለትርፍ የቆመ ድርጅት ሠራተኛ ናት፣ የምታድርበት ቤት የማንም ይሁን። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ትርፍ ሰዓት ቢበዛ በቀን 4፣ በሳምንት 12። «ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። ለ48 አካፍይው፣ ሦስት ተኩል ሰው ይወጣዋል። አንቺ አንዷን ነው የላክሻት» አሉኝ።

ከዚያ ካልኩሌተሬን ተቀብለው አንድ በአንድ አሳዩኝ። ደመወዟ 5,200 ብር ቢሆን፣ ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 25 ብር ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ነጥብ ሰባ አምስት ይባዛል፣ 43 ብር ከ75። የሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል፣ 62 ብር ከ50። ከደመወዟ ላይ 7 በመቶ ጡረታ ተቆርጦ፣ እኔ ደግሞ 11 በመቶ ጨምሬበት ገቢ አደርጋለሁ። ሒሳቡ ሲያልቅ ራሴን አመመኝ። «በዚህ ዋጋ ማንም አይቀጥረኝም» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር በሩን ጠበቅ አድርጌ ነው የዘጋሁት።

አልተሳሳትኩም፣ ሁለት ቤተሰቦች በዋጋው ሄደዋል። አንደኛው ግን ወር ሳይሞላ ተመለሰ። በርካሽ የቀጠሯት ልጅ ሌሊት እንቅልፍ ጥሏት አዛውንቱ ከአልጋ ወድቀው ነበር። ምስኪን፣ ስንት ቀን ሳትተኛ እንደቆየች ማን ያውቃል።

ውል ይሉኝ የነበረው ደግሞ ውል ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያ ቀን የሚሞላ አንድ ገጽ አስጨምረውብኛል። የሰው አካል ሥዕል አለበት፣ ከፊትና ከኋላ። ነርሷ ታማሚውን ስትረከብ ቁስል፣ እብጠት፣ ሰንበር ያለበትን ታከብበታለች። ስፋቱን በሴንቲሜትር ትጽፋለች። ከቤተሰብ አንድ ሰው ይፈርማል። ለእኔ ጣጣ መስሎኝ ነበር።

አንዲት እናት ያዝን። ልጃቸው ውጭ አገር ነው፣ ገንዘብ የሚልከው እሱ ነው። እዚህ ያለችው እህቱ ናት። በሁለተኛው ወር በቪዲዮ ሲያያቸው የአልጋ ቁስሉን አየ። ስልኩ ውስጥ ሆኖ ጮኸብን። እናቴን ገደላችኋት፣ እከሳችኋለሁ፣ ፌስቡክ ላይ አወጣችኋለሁ። ነርሷ ልጅ እጇ ይንቀጠቀጣል። ፋይሉን አወጣሁ። የተረከብንበት ቀን፣ ወገባቸው ግርጌ ላይ ክብ፣ 6 በ4 ሴንቲሜትር፣ ከሥሩ የእህቱ ፊርማ። ያን ቀን ስንለካው 3 በ2 ሆኗል። ወረቀቱን ካሜራው ላይ አስጠጋሁለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ አልተነገረኝም» አለ። እህቱ ናት፣ በስደት ላይ ሌላ ጭንቀት እንዳትጨምርበት ብላ የደበቀችው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም በሩን ይዤ ወጣሁ። እናትየው ዛሬም ደንበኛችን ናቸው።

በዚያው ሰሞን ነው ውላችን ላይ ሌላ አንቀጽ የገባው። የሚከፍለውና የሚወስነው ሰው ተለይተው ይጻፋሉ። ታማሚው አእምሮው ደህና ከሆነ ራሱ ይፈርማል፣ ማንም ይክፈል ማን። ውጭ ያለ ልጅ መወከል የሚፈልገው ሰው ካለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይልካል። በቫይበር «እሺ በሉ» ማለት ውክልና አይደለም።

ሌሎችም አሉ። ቴሌግራም ላይ «ደንበኞቻችን» ብዬ የለጠፍኩትን የአዛውንት ፎቶ ወዲያው አስወርደውኛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ከ2016 ጀምሮ አለ፣ የጤና መረጃ ደግሞ ከሁሉ ጠበቅ ይላል። አንድ አባት ነርሳችንን ኑዛዜያቸው ላይ አራተኛ ምስክር ሁኚልኝ ሲሏትም ደውለን ጠየቅናቸው። «ሕጉን ተይው፣ ወራሾቹን አስቢ። ከጎረቤት ይጥሩ» አሉ። ነርሷም ቡና አፍልታ ምስክሮቹን አስተናገደች፣ እስክሪብቶ ግን አልነካችም። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው ብለው ቀን መቁጠሪያዬ ላይ በቀይ የከበቡትም እሳቸው ናቸው። ከጎኑ የእያንዳንዷ ነርስ የሙያ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ ካልሆነ ማስታወቂያ ይመስላል። ጠዋት ስልክ አያነሱም፣ ፍርድ ቤት ናቸው። የድምፅ መልእክት አይሰሙም፣ «ጻፊው» ነው መልሳቸው። የቸኮለ ሰው ይሰለቻቸዋል። ሁለት ሳምንት ያሉኝን ውል በአምስተኛው ሳምንት ነው የሰጡኝ። የእጅ ጽሑፋቸውን ከጸሐፊያቸው ሌላ ማንም አያነበውም። ክፍያቸው ርካሽ አይደለም። ግን ምን ለምን እንደሚከፈል በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይሰጧችኋል። ደረሰኝም አለው። ማመልከቻውን ራስሽ ማስገባት ትችያለሽ ብለው ለዚያ ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ ፊዚዮቴራፒ ወይም እንደኔ የቤት ለቤት እንክብካቤ ልትከፍቱ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የሚገኙት። ሐሙስ ባትሄዱ ይሻላል፣ በገበያ ቀን ደጃፋቸው ወረፋ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎ አውቃለሁ። በሩን ጠበቅ አድርጌ ስለዘጋሁት ይቅርታ። ሦስት ተኩሏን ሰው ቀጥሬአለሁ፣ ግማሿ እኔ ነኝ።