ለመናፈሻችን ኮሚኒቲ ፖሊስ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ፖሊስ ሲያጠፋ ለማማት ማን ብሎን። ሲሠራ ግን ዝም እንላለን። እኔ ዛሬ የመናፈሻችንን ኮሚኒቲ ፖሊስ ላመሰግን ነው። ስሟ እንዲጠራ ስለማትወድ ሁላችንም እንደምንጠራት ሳጅኗ እላታለሁ።

መናፈሻው ቀን ቀን ምንም አይልም። ሲመሽ ነበር ጉዱ። ከሥራ የሚመለስ ሰው ስልኩን ይነጠቃል። ሴቶች አቋርጠው ማለፍ ትተው ዙሪያውን ይሄዱ ጀመር። ሰው በቀረ ቁጥር ደግሞ ለነጣቂው ይመቸዋል። ስብሰባ ሲጠራ የምንለው ያው ነው፦ ፖሊስ ይጨመር፣ እዚያ የሚቀመጡት ወጣቶች ይባረሩ።

ሳጅኗ መጥታ የጠየቀችን ሁለት ነገር ብቻ ነው። "የት? በስንት ሰዓት?" "መናፈሻው ውስጥ ነዋ!" ብንላት አልተቀበለችንም። መናፈሻውን በእጇ ሥላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና እያንዳንዳችን የምናውቀውን በነጥብ እንድናመለክት አደረገች። ነጥቦቹ በሙሉ ለማለት ይቻላል ሁለት ቦታ ላይ ተከመሩ፤ ከኋላ በር የሚገባው ጠባብ መንገድና የሽንት ቤቱ ጀርባ። ይሄ አሠራር ችግር ተኮር ፖሊሲንግ ይባላል። ኸርማን ጎልድስታይን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሌባውን አንድ በአንድ ከማሳደድ በፊት ስርቆቱ ለምን እዚያው ቦታ እንደሚደጋገም ጠይቁ ነው ነገሩ።

ከዚያ በምሽት አብረን ዞርን። ጠባቡ መንገድ ላይ ስንደርስ "እዚህ ቁሙ" ብላን ከቁጥቋጦው ጀርባ ገባች። "ታዩኛላችሁ?" ድምጿ ከአጠገባችን ነው፤ እጅ ቢዘረጋ ይደርስባታል። ሙሉ ደንብ ልብስ ለብሳ ማንም አላያትም! አትክልተኛው አብሮን ስለነበር ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ቁጥቋጦው ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ፣ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ደግሞ ከ2 ሜትር በታች እንዳይወርድ አድርጎ ከረከመው። በመሀል ያለው ክፍት ለዓይን ነው።

መብራት ላይም አስተማረችን። እኛ ትልቅ ፓውዛ ይተከልልን ባይ ነበርን። እሷ የነበረውን ምሰሶ በባትሪ አሳየችን፤ አምፖሉ ይሠራል፣ ቅርንጫፍ ውጦት ነው እንጂ። ፓውዛ ከበዛ ደግሞ ዓይን ያጥበረብራል፣ ብርሃኑ ያልደረሰበትንም የባሰ ያጨልመዋል። የሚጠቅመው የመጪውን ሰው ፊት ከሩቅ የሚያሳይ፣ እኩል የተዳረሰ ብርሃን ነው። እኛ ግን ለፓውዛ መዋጮ ልንጀምር ነበር፣ በነገራችን ላይ።

ይሄ ትልልቅ ከተሞችም ያለፉበት ነው። የኒውዮርኩ ብራያንት ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ነበር። ዊሊያም ዋይት የተባለ የከተማ አጥኚ አይቶት አንዱ ችግር አጥሩና ቁጥቋጦው ከመንገድ ስለሚጋርዱት ነው አለ። ቁጥቋጦው ተነሳ፣ መግቢያው ሰፋ፣ የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1992 እንደገና ሲከፈት ሰው ሞላው።

ወጣቶቹን ስለማባረር ስናነሳ ግን ፊት ለፊት ሞገተችን። "መቀመጥ ወንጀል አይደለም። ከእነሱ አንዱ ሲነጥቅ ያየ አለ?" ዝም ጭጭ። ሄዳ ራሳቸውን አነጋገረቻቸው። ነጣቂዎቹ በየት በኩል እንደሚወጡ የነገሯት እነሱ ናቸው።

ይበልጥ ያከበርኳት ግን በኋላ ነው። ከወራት በኋላ ያንኑ ካርታ ይዛ ተመለሰች። ስንቱ ባለሥልጣን ፎቶ ተነስቶ ይጠፋል! የኋላ በር መንገዱ ላይ አዲስ ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። የሽንት ቤቱ ጀርባ ግን ገና ነው፣ እሱንም አልሸፋፈነችም። ስርቆቱ ወደ አጎራባች መንገዶች እንዳይዞር ብላ የዚያን አካባቢ ነዋሪዎችም ጠይቃለች።

የማታ ጥበቃችን ጋሼንም ሳላነሳ አላልፍም። ድሮ ከጎጆው አይወጣም እየተባለ ይታማ ነበር። አሁን ሰዓቱን እየቀያየረ ይዞራል፣ አላፊ አግዳሚውንም ሰላም ይላል። ሰላምታው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ለክፉ ያደባ ሰው መታየቱን ያውቃል።

ይህን አገልግሎት ማግኘት የምትፈልጉ፣ ጣቢያ ሄዳችሁ "ፖሊስ ጨምሩልን" ብቻ አትበሉ። ቦታውንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ያዙ፣ ኮሚኒቲ ፖሊሱ በምሽት አብሯችሁ እንዲዞር ጠይቁ፣ አትክልተኛውንና መብራት የሚጠግነውን ሰው አስከትሉ። መቼ ተመልሶ ውጤቱን እንደሚያይም እዚያው ቀን አስቆርጡት።

ሳጅኗ፣ እግዜር ይስጥልን። ለሽንት ቤቱ ጀርባ ዙር ባትሪ ይዘን እንጠብቅሻለን።