ፍላሽ ማስጫን በደብረ ማርቆስ፦ ማስታወቂያውን ተዉልኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ባልትና ቤት አለኝ። በርበሬ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በኩል ሲገባ ቅንጠሳው ጊዜ ይፈጃል። ሴቶቹ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ይቀመጣሉ። ዝም ካሉ እንቅልፍ ይመጣል። ካወሩ ደግሞ እጅ ይቆማል። ስለዚህ ፍላሽ የሚቀበል ትንሽ ስፒከር ገዛሁና የሚደመጥ ነገር ላስጭን ወጣሁ። የምነግራችሁ ስለዚሁ አገልግሎት ነው።

ቤቱ ከሞባይል ጥገና ቤቶች አንዱ ነው። ስሙን ተዉት፣ ሁሉም ያው ናቸው። አንድ ኮምፒውተር፣ የተጠላለፈ የቻርጀር ገመድ፣ መስታወት ሥር የተደረደረ የስልክ ከቨር። ልጁ ትሁት ነው። ዘፈን በሉት፣ መዝሙር፣ ስብከት፣ ትረካ፣ የሌለው ነገር የለም። እኔ የፈለግሁት መዓዛ ብሩ በአዲስ አበባው ሸገር ሬዲዮ የምታቀርበውን የቃለ መጠይቅ ፕሮግራም «የጨዋታ እንግዳ»ን ነበር።

«እትዬ፣ እሱንማ ሙሉ ፎልደር አለኝ» አለኝ።

ሸገር 102.1 እኛ ጋ አይገባም። የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራና ገደል አልፎ ሩቅ አይሄድም። ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። እኔ ሴትዮዋን የለመድኳት አዲስ አበባ ለዕቃ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። እንግዳ አታጣድፍም። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ቀስ ብሎ ሕይወቱን ይተርክላታል። አንዳንዱ ጨዋታ በአንድ ሳምንት አያልቅም፣ በክፍል በክፍል ይቀጥላል። ለቅንጠሳ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ቀንጣሾቹ መጀመሪያ አኮረፉ፤ ዘፈን ነበር የጠበቁት። ከዚያ አንዷ «ይቺ ሴትዮ ተቀጣሪ ናት?» አለች። ኧረ የጣቢያው መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ናት አልኳት። «ታዲያ አለቃ ሆና ለምን ራሷ ትጠይቃለች?»

«እኔስ ለምን ከእናንተ ጋር እቀነጥሳለሁ?» ስላት ሁሉም ሳቁ።

ለእኔ የዚህች ሴት ሥራ ከንግዱ በኩልም ያስደንቀኛል። ለግል ሬዲዮ በር የከፈተው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። ሸገር አየር ላይ የዋለው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መዓዛ ከሙያ ባልደረቦቿ ከአበበ ባልቻና ከተፈሪ ዓለሙ ጋር ሆነው በመንግሥቱ ጣቢያ በኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ላይ ፕሮግራም ያቀርቡ ነበር። በሰው ጣቢያ ላይ እየሠሩ የራስን ጣቢያ ማሰብ ቀላል አይደለም። ማይክ ይዞ መናገርና በየወሩ ደመወዝ መክፈል ደግሞ ለየቅል ናቸው። የመንግሥት ጣቢያ በጀት አለው። የግል ጣቢያ የሚበላው ከማስታወቂያ ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ይሄን ያውቃል።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የጫነልኝን ስንሰማ ማስታወቂያ የሚባል ነገር የለም። ስፖንሰሩ የለም። የጣቢያው ስም እንኳ ተቆርጧል። ልጁን ብጠይቀው እንደ ትልቅ ውለታ ነው የነገረኝ፤ «ሰው እንዳይሰለች ብዬ አጸዳሁት» አለኝ። እንዴት ነው የጸዳው? የእኔን ሽሮ ገዝቶ፣ ስሜን አውጥቶ፣ በራሱ ላስቲክ አሽጎ እንደሚሸጥ ሰው ነው የሆነብኝ። ያ ጣቢያ የኖረው በዚያ ማስታወቂያ ነው። ደግሞ አቆራረጡም ግዴለሽ ነው። እንግዳው «ያን ጊዜ አባቴ...» ይላል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ውስጥ ትገባላችሁ። አባትየው ምን እንደሆኑ እስካሁን አላወቅንም። ፋይሎቹም ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ክፍል ሦስት ከክፍል አንድ በፊት ይመጣል።

ተመልሼ ሄድኩና ሳይቆረጥ ጫንልኝ አልኩት። «ማስታወቂያ ለመስማት የሚከፍል ሰው ዛሬ አየሁ» ብሎ ሳቀ። ከጣቢያው ከራሱ ዩቲዩብ ላይ አውርዶ ሰጠኝ። የኢንተርኔት ተብሎ ጨመር አስከፈለኝ፤ አልተከራከርኩም። ለነገሩ እኔ ማስታወቂያ መስማት እወዳለሁ። ማን ምን እየሸጠ እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያባብል ይሰማል። የዱቄት ማስታወቂያ ሲመጣማ ሥራ አቁሜ ነው የምሰማው።

እንግዲህ ፍርዴ ይሄ ነው። ደህና ኢንተርኔት ያለው ሰው ይሄ አገልግሎት አያስፈልገውም። ሸገር ራሱ የለቀቀውን በነጻ ይስማ፣ ተመልካችም ይቆጠርላቸዋል። ኔትወርክ የሚያስቸግረው፣ ወፍጮ ቤት ወይም እርሻ ላይ የሚውል ሰው ግን ያስጭን፣ ይጠቅማል። ልጁ ፈጣን ነው፣ ያልሠራውን ያለ ክርክር ይቀይራል።

ፍላሹን ግን ከሌላ ቦታ ግዙ። እዚያ የገዛሁት 32 ጊጋ የሚል ተጽፎበት ግማሹ አልከፈት አለኝ። የእንግዳውን ስምና የክፍሉን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፣ «አትቁረጥ» የሚለውንም ጨምሩበት። በገበያ ቀን አትሂዱ። ገጠር የሚመለሰው ሁሉ ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ተሰልፎ ነው የምታገኙት።