የልብ ቼክአፕ በደሴ፦ ኮሪደር ላይ ያለውን ፈተና እንዳትዘሉት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የልብ ቼክአፕ ይሰጣል። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ)፤ ይህ የትም አለ። እዚህ ለየት የሚለው ኮሪደር ላይ የሚሠራው የአቅም ፈተና ነው፦ ሚዛን፣ እርምጃና ከወንበር መነሳት። ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ ከ10 ደቂቃም አያልፍም። ተመርማሪው ግን "መራመዴን ለማየት ነው እንዴ የመጣሁት?" እያለ ጥሎት ይሄዳል።

ኢሲጂ ተኝተው ሳለ የጥቂት ሰከንድ የልብ ምት ብቻ ነው የሚያሳየው። አሜሪካ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አሪክ የተባለ የልብ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 75 የሆነ 5,570 ሰዎችን በዚሁ ፈተና ለክቶ 7 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡት ከፍተኛ ካመጡት ይልቅ ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክ ወይም ለልብ ድካም የመጋለጥ ዕድላቸው በ47 በመቶ በልጦ ተገኝቷል፤ የመካከለኞቹ በ25 በመቶ። ይህም የሲጋራው፣ የግፊቱና የስኳሩ ልዩነት ሁሉ በስሌት ታስቦ ከወጣ በኋላ ነው። ነጥቡ ዝቅ አለ ማለት ግን ልብዎ ታሟል ማለት አይደለም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰውም ዝቅ ይላል።

ፈተናው ከ12 ይታረማል። መጀመሪያ ሚዛን ነው፦ እግር ጎን ለጎን፣ ቀጥሎ የአንዱ ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት አጠገብ፣ በመጨረሻ አንዱ ከሌላው ፊት፤ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ። ነርሷ ሳትይዝ፣ ግን እጇን ዘርግታ አጠገብ ትቆማለች። እዚህ ላይ ክሊኒኩ እንከን የለውም።

ቀጥሎ 4 ሜትር እርምጃ። "አባባ፣ ሰኞ ገበያ እንደሚሄዱ አድርገው ይሂዱልኝ" ትላለች፤ ልክ ነች፣ የሚለካው የዘወትር አካሄድ እንጂ ሩጫ አይደለም። ሁለት ጊዜ ይሄዱና የተሻለው ይያዛል። ከ4.82 ሰከንድ በታች 4 ነጥብ፣ ከ8.70 በላይ 1 ነጥብ። ችግሩ የማብቂያው መስመር ግድግዳው ሥር መሆኑ ነው፤ ሰው ሊደርስ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ሰከንዱም ይጨምራል። መስመሩን አልፎ የሚራመድበት ቦታ ሊተውለት ይገባ ነበር። ሽርጡን አጥብቆ የታጠቀ ሰውም እርምጃው ያጥራል፤ ላላ አድርጉት። በስሊፐርም አትሂዱ።

ሦስተኛው ከወንበር 5 ጊዜ መነሳት ነው፤ ክንድ ደረት ላይ ተጣጥፎ። ሰዓቱ የሚቆመው አምስተኛው ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ነው እንጂ ሲቀመጡ አይደለም። 11.19 ሰከንድና ከዚያ በታች 4 ነጥብ ነው፤ 16.70 ከደረሰ 1፣ ደቂቃ ካለፈ 0። እዚህ ላይ ክሊኒኩ ይወድቃል። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፣ ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል፣ ክንድ ማሳረፊያም አለው፤ እጅ ሳይታወቅ ይደገፍበታል። ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ ጋር ቢገጠም ይበቃ ነበር። ጋቢም ተወልቆ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ጫፉ ተረግጦ ሊጥል ይችላል።

ግፊቱ አለካክም ይስተካከል። ዳገቱን ወጥቶ እያለከለከ የመጣውን ሰው ወዲያው፣ በሹራቡ ላይ ይለኩታል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን አቋርጦ ለሚመጣ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨመርበታል። 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ፣ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ ሹራብ አውልቃችሁ "ድገሙልኝ" በሉ። ቡና ወይም ጫት ካለ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፈው።

ከሁሉ የሚያናድደው ውጤት ወረቀቱ ነው። "ጥሩ" ብሎ ይዘጋዋል። ከወንበር መነሳቱ ዛሬ 12 ሰከንድ፣ በሚቀጥለው ዓመት 16 ቢሆን "ጥሩ" የሚለው ቃል ይደብቀዋል። ስለዚህ ሦስቱንም በሰከንድ አስጽፉ፤ ነርሷ ስትጠየቅ ትጽፋለች።

ደረቱን የሚያመው፣ የሚያዞረው ወይም በቅርቡ ኦፕሬሽን ያደረገ ሰው ፈተናውን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ሰኞ ደግሞ አትሂዱ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ኮሪደሩ በወረፋ ይሞላና 4 ሜትሩ ራሱ አይገኝም።